ሞተር የሚገዛው ለሰኞ ነው

ጽሑፉ ረዘም ስለሚል ቡና እስኪፈላ እያነበባችሁ ቆዩ።

የቡና ብር እጅ ላይ በሚገባበት ሰሞን ኢንቦክሴ በአንድ ዓይነት ጥያቄ ይሞላል። «ቲቸር፣ ቦክሰር ይሻለኛል አፓች?» «ቲቸር፣ በሥራ ቀን ቢሮ የምሄድበት፣ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ዘና የምልበት ሞተር ይምረጡልኝ።» ፍስሐ ገነት ያለው ይጠይቃል፣ ይርጋጨፌ የተመደበው ይጠይቃል፣ ዲላ ሥራ የያዘችው ትጠይቃለች። ለእያንዳንዳችሁ ከመመለስ አንዴ ጽፌው ልረፍ።

መልሴ አጭር ነው፤ ሞተር የሚገዛው ለሰኞ ነው። ለእሁድ የተገዛ ሞተር ሰኞ ያስቸግራል። ለሰኞ የተገዛ ሞተር ግን እሁድንም ይችላል። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የዚህ ማብራሪያ ነው።

እስቲ ሳምንቱን እንቁጠረው። ስድስቱ ቀን ቤትና ሥራ፣ ገበያ፣ ጤና ጣቢያ፣ ልጅ ትምህርት ቤት ማድረስ ነው። በዚያ ላይ የጎረቤት ጉዳይ አለ። እኛ አገር ሞተር የአንድ ሰው ብቻ ሆኖ አያውቅም። ሌሊት ምጥ የያዛት ካለች የሚንኳኳው ባለ ሞተሩ ቤት ነው፤ መርዶ የሚያደርሰው እሱ ነው፤ የለቅሶ ድንኳን ሸራ ሳይቀር የሚያመላልሰው እሱ ነው። ለደስታ የሚተርፈው እሁድ ከሰዓት ነው፤ እሱም ዝናብ ካልጣለ። ታዲያ ገንዘቡን ሁሉ ለአራት ሰዓት ደስታ አውጥቶ ስድስቱን ቀን መቸገር «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» አይደለም ትላላችሁ?

አሁን መንገዳችንን እንየው። ከዲላ ወደ ሐገረ ማርያም የሚወርደው አስፋልት የሞያሌ መንገድ ነው። ቦቴው፣ ተሳቢው፣ አይሱዙው፣ አገር አቋራጭ አውቶቡሱ ሁሉ በላዩ ነው የሚያልፈው። ከአስፋልቱ ግራና ቀኝ ስትታጠፉ ደግሞ ኮረኮንች ነው፣ ዝናብ ሲጥል ቀይ ጭቃ ነው። ጌዴኦ ደግሞ ዝናብ የሚያውቀው ክረምትን ብቻ አይደለም፤ በልጉም ይጥላል፣ መስከረምና ጥቅምትም ይጥላል። በዚያ ላይ ዳገቱ። ዲላ ከባሕር ጠለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የዞናችን ከፍተኛ ቦታዎች ወደ 3,000 ሜትር ይጠጋሉ። ጠዋት ጉም ውስጥ ገብታችሁ ከሰዓት አቧራ ለብሳችሁ የምትመለሱበት አገር ነው።

ፊዚክስ ያስተማርኳችሁ ይህን አስታውሱ። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር አየሩ ይሳሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ100 ሜትሩ ከጉልበቱ 1 በመቶ ገደማ ያጣል። ስለዚህ ፋብሪካው 12 የፈረስ ጉልበት ብሎ የጻፈለት ሞተር 2,000 ሜትር ላይ የሚሰጣችሁ ከ10 በታች ነው። ካታሎግ ላይ ያለው ቁጥር የባሕር ዳርቻ ቁጥር ነው፤ እናንተ የምትነዱት ተራራ ላይ ነው። ባለ 100 ሲሲ ለከተማ ውስጥ ለአንድ ሰው ይበቃል፤ ሁለት ሰውና አንድ ኩንታል ይዞ የቡሌን ዳገት ውጣ ስትሉት ግን በአንደኛ ማርሽ እያቃሰተ ነው። ለዚህ ነው ለእኛ አካባቢ 125 ወይም 150 ሲሲ የምለው። ከዚያ በታች ዳገቱ ያሸንፈዋል፤ ከዚያ በላይ ኪሳችሁ ይሸነፋል።

ወደ ስሞቹ እንምጣ። ገበያ ላይ የምታገኟቸውን አንድ በአንድ ላንሳ።

ቦክሰር 150። ለማማር አልተሠራም፣ ለማገልገል ነው የተሠራው። መቀመጫው ረጅም ነው፣ ሞተሩ በዝቅተኛ ዙር ይጎትታል፣ ቤንዚን አይጠጣም። ትልቁ ጥቅሙ ግን ሌላ ነው፤ በየከተማው የሚፈታው ሰው አለ። ድክመቱ ፍሬኑ ነው። አብዛኛው ፊትም ኋላም ባለ ከበሮ ፍሬን ነው፤ ለከተማ ይበቃል፣ ለረጅም ቁልቁለት ጥንቃቄ ይፈልጋል።

ቲቪኤስ ኤችኤልኤክስ 125 እና 150። የቦክሰር ወንድም በሉት። በእነዚህ በሁለቱ መካከል የሚጨቃጨቅ ሰው ካያችሁ ጊዜ የተረፈው ነው። በከተማችሁ መለዋወጫው በብዛት የሚገኘውን ውሰዱ፣ በቃ።

አፓች። አውቃለሁ፣ ልባችሁ እዚህ ነው። ፈጣን ነው፣ የፊቱ ዲስክ ፍሬን ነው፣ ያምራል። ግን መቀመጫው ለኋለኛው ሰው አይመችም፣ አቀማመጡ ወደ ፊት ያጎነብሳል፣ ጎማው ለአስፋልት እንጂ ለቀይ ጭቃ አልታሰበም። የኔ ቅሬታ ሞተሩ ላይ አይደለም፤ ሞተሩ ጥሩ ነው። ለኛ ሰኞ የሚሆን አይደለም ነው የምለው።

ያማሃ ዲቲ እና ኤጂ። የግብርና ባለሙያዎችና የእርዳታ ድርጅት ሠራተኞች ይነዷቸው የነበሩት፣ አሁን በጨረታ የሚወጡት ናቸው። ለጭቃና ለድንጋይ አቻ የላቸውም። ነገር ግን ዲቲ 125 ባለ ሁለት ምት ነው፤ ከቤንዚን ጋር ዘይትም ያቃጥላል፣ ያጨሳል፣ አብዝቶ ይጠጣል። ደግሞ ከፍ ያለ ነው፤ ቁመታችሁ አጠር ካለ ቆማችሁ እግራችሁ መሬት አይደርስም። ሥራችሁ ከአስፋልት ርቆ ገጠር ቀበሌ ከሆነ አስቡበት። ለከተማ ከሆነ ተዉት።

የቻይና ሞተሮች፣ ሊፋንን ጨምሮ። ዋጋቸው ቀለል ይላል። መጥፎ ናቸው አልልም። ግን ከመግዛታችሁ በፊት አሁን የምነግራችሁን ፈተና አስፈትኗቸው።

ፈተናው ይህ ነው። ሞተሩን ከመምረጣችሁ በፊት መካኒኩን ምረጡ። ሰፈራችሁ ያለው መካኒክ ጋ ሂዱና ሦስት ጥያቄ ጠይቁት፤ ካንዴላ፣ የፍሪሲዮን ሸራና ሰንሰለት ለዚህ ሞተር ዛሬ እዚህ ከተማ ይገኛል ወይ? ከሌለ በስንት ቀን ይመጣል? አንተስ ባለፈው ወር ስንት እንዲህ ዓይነት ሞተር ፈታህ? መልሱ «ከአዲስ አበባ ይታዘዛል» ከሆነ፣ ያ ሞተር ለእናንተ አይሆንም። ሁለት ሳምንት ግድግዳ ተደግፎ የሚቆም ሞተር ባለቤቱን በእግሩ ያስኬደዋል፤ የተገዛበት ብር ግን ወጥቷል።

አንዳንዶቻችሁ «ትልቁ ሞተር ቤንዚን ይጨርሰኛል» እያላችሁ ነው የምትፈሩት። እስቲ በቁጥር እንየው። በቀን 20 ኪሎ ሜትር፣ በወር 26 ቀን ብትነዱ 520 ኪሎ ሜትር ነው። በሊትር 50 የሚሄደው 10.4 ሊትር ይፈልጋል፤ በሊትር 38 የሚሄደው 13.7 ሊትር። ልዩነቱ 3.3 ሊትር ነው። ሊትሩን 120 ብር ብናስብ በወር 400 ብር ገደማ መሆኑ ነው። ገንዘብ ነው፣ ግን ሞተር የሚያስመርጥ ገንዘብ አይደለም። የሚያስመርጠው ጎማ፣ ሰንሰለት፣ ፍሬን ሸራ፣ የተሰበረ ፍሬቻና ስፖኪዮ ነው። ለአፓች የሚሆን የፕላስቲክ አካል አንዴ ከወደቃችሁ በኋላ ፈልጉና ንገሩኝ። ቦክሰር ሲወድቅ ብረቱ ይጣመማል፣ ብየዳ ቤት ይቀናል።

በእርግጥ የቤንዚን ችግራችን ዋጋው ብቻ አይደለም። በ2017 ዓ.ም. ሊትሩ ከ100 ብር ሲሻገር ሁላችንም ጮኸናል፤ ማደያ ደረቅ ሆኖ በሃይላንድ የሚሸጠውን ስንገዛ ግን ዋጋውንም ጥራቱንም ሻጩ ነው የሚወስነው። ውሃ ወይም ናፍጣ የተቀላቀለበት ቤንዚን ካርቡራተሩን ያበላሻል። እንዲህ ባለ አገር ቀላል ካርቡራተር ያለው፣ መንገድ ዳር ተፈትቶ የሚጸዳ ሞተር ዋጋው ከፍ ይላል። ዘመናዊ ኢንጀክሽን የተሻለ ቴክኖሎጂ ነው፣ አልክድም። ግን ኮምፒውተሩን የሚያነብ ሰው ከናንተ ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ርቆ ከሆነ ምን ይጠቅማችኋል?

አሁን ወደ ዋናው ነገር። እስካሁን ያወራነው ስለ ብር ነው፤ ከዚህ በኋላ ያለው ስለ ሕይወት ነው።

አንደኛ፣ ፍሬን። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የማቆሚያ ርቀት እጥፍ አይሆንም፣ አራት እጥፍ ነው። በሰዓት 40 እየነዳችሁ በደረቅ አስፋልት ላይ ፍሬን ከያዛችሁ በ12 ሜትር ገደማ ትቆማላችሁ። በ80 ከሆነ 49 ሜትር ነው። ፍሬን እስክትይዙ የምታባክኗትን አንዲት ሰከንድ ስትጨምሩበት 23 ሜትርና 71 ሜትር ይሆናል። አስፋልቱ ላይ የጭቃ ውሃ ካለ ደግሞ የፍሬኑን ርቀት በሁለት አባዙት። በየመንደሩ ፍየልና ሕፃን በሚሻገርበት የሞያሌ መንገድ 71 ሜትር ከየት ይመጣል?

እዚህ ላይ የሚከራከረኝ ተማሪ አለ፣ ክርክሩም እውነት አለው። «ቲቸር፣ ትንሽ ሞተር ስነዳ ተሳቢው ከኋላዬ ይገፋኛል፤ ጉልበትና ዲስክ ፍሬን ያለው ሞተር ያድነኛል» ይላል። ልክ ነው። በየቀኑ ከይርጋጨፌ ዲላ በአስፋልት የሚመላለስ ሰው የፊቱ ዲስክ የሆነ 150 ቢይዝ እደግፋለሁ። ለዲስክ ፍሬን የሚወጣ ብር አይቆጨኝም። የምቃወመው ዲስኩን ምክንያት አድርጎ ፍጥነቱን መግዛትን ነው። ሁለቱን ለዩልኝ።

ሁለተኛ፣ ፎሌ። ቁልቁለት ላይ ቤንዚን ለመቆጠብ ሞተር አጥፍቶ በፎሌ መውረድ እኛ ጋ ልማድ ሆኗል። የምትቆጥቡት የጥቂት ብር ቤንዚን ነው። የምትከፍሉት ደግሞ የሞተሩን የመያዝ ጉልበት ነው፤ ሸክሙ ሁሉ ከበሮ ፍሬኑ ላይ ይወድቃል፣ ይግላል፣ ሲግል መያዝ ያቆማል። ዳገቱን የወጣችሁበትን ማርሽ ይዛችሁ ውረዱ። ይህ ምክር በነፃ ነው፤ ከየትኛውም ሞተር ግን ይበልጣል።

ሦስተኛ፣ ነጠላ። ይህን ሴት ተማሪዎቼ በደንብ ያውቁታል። እናቶቻችንና እህቶቻችን ከኋላ የሚቀመጡት ወደ ጎን ነው፤ ነጠላው፣ ቀሚሱ፣ የልጅ ማዘያው በኋላው ጎማና በሰንሰለቱ በኩል ይንጠለጠላል። አንዴ ከተጠመጠመ ሰውየዋን ይዟት ነው የሚወርደው። ሕንዶች ሳሪ ስለሚለብሱ የኋላው ጎማ ቢያንስ ግማሹ መሸፈን አለበት የሚል ሕግ አላቸው። ለዚህ ነው ብዙዎቹ የሕንድ ሞተሮች ከጎናቸው የሽቦ መከላከያ ይዘው የሚሠሩት። እኛ ግን ምን እናደርጋለን? «አያምርም» ብለን በገዛን ማግስት እናስፈታዋለን! ሳሪን ያሰበው ብረት ነጠላንም ያስባል። አታስፈቱት። ሳይኖረው የገዛችሁ ብየዳ ቤት አሠሩለት፤ የሰንሰለቱንም መሸፈኛ እንዲሁ።

አራተኛ፣ ሄልሜት። ዕውቅ የሆነው የኮክሬን የጥናቶች ግምገማ እንዳሳየው ሄልሜት የሞተረኛን የመሞት አደጋ 42 በመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳትን 69 በመቶ ይቀንሳል። ይህ የሚሠራው አገጭ ሥር ሲታሰር ነው። ስፖኪዮ ላይ ተሰቅሎ ወይም ክንድ ላይ ገብቶ የሚሄድ ሄልሜት ትራፊክ ሲያዩ የሚደረግ ጌጥ ነው። ሁለተኛው ሄልሜት የት አለ ብዬም እጠይቃለሁ። ከኋላችሁ የምትጭኑት ሰው ጭንቅላት ከናንተ የሚያንስ ነው እንዴ? ካላችሁ ብር ላይ ከአሥር ሁለቱን እጅ መጀመሪያ ለዩ፤ ሁለት ሄልሜት፣ ወፍራም ጃኬት፣ ጓንት፣ የዝናብ ልብስ። የተረፈው የሚገዛውን ሞተር ግዙ። ሁለተኛ ሄልሜት የማይገዛ በጀት አፓች መግዛት የለበትም።

ስለ ወረቀትም ልናገር። ከሞያሌ በኩል «ርካሽ ሞተር መጣ» ሲባል ልባችሁ አይደንግጥ። በኮንትሮባንድ የገባ ሞተር ኬላ ላይ ሲያዝ ይወረሳል፤ የአንድ ዓመት የቡና ልፋት በአንድ ማለዳ ጠፋ ማለት ነው። ሊብሬው ላይ ያለውን የሻንሲና የሞተር ቁጥር ከብረቱ ላይ ካለው ጋር ራሳችሁ አስተያዩ፤ ቁጥሩ የተፋቀ ወይም የተደበደበ ከሆነ ተመለሱ። የሻጩ ስምና የሊብሬው ስም ካልተመሳሰለ ውክልና ጠይቁ። የሦስተኛ ወገን መድንና ቦሎም በሕግ ግዴታ ናቸው። መንጃ ፈቃድ ሳይኖር ሰው ብትገጩ የሚመጣው ጣጣ ከሞተሩ ዋጋ ጋር የሚወዳደር አይደለም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ያሉት ለዚህ ነው።

አዲስ አበባ ያላችሁ ልጆቼ፣ የናንተ ነገር ሌላ ነው። ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ ከተማው በሞተር እንቅስቃሴ ላይ እገዳ ጥሎ፣ በኋላ በፈቃድ ብቻ እንዲነዳ ማድረጉን ታስታውሳላችሁ። በዚያ ሳምንት ሞተሩ እንጀራው የነበረ ስንት ሰው ግራ ገባው! እና ከክፍለ ሀገር ሞተር ይዛችሁ ከመግባታችሁ በፊት ደንቡን ጠይቁ። ታርጋችሁ የሚነዳበትን ቦታ ይወስናል።

«የኤሌክትሪኩስ?» የምትሉ አላችሁ። መንግሥት ወደዚያ እየገፋ ነው፣ አዲስ አበባ ላይ መታየት ጀምሯል፣ ለወደፊቱም እሱ ይመስለኛል። ግን እንደገና ፊዚክስ። ሞተሩ 110 ኪሎ፣ ሁለት ሰው 130 ኪሎ፣ ድምሩ 240 ኪሎ። ይህን 500 ሜትር ከፍታ ለማውጣት ብቻ 0.33 ኪሎ ዋት ሰዓት ያስፈልጋል። ባትሪው 2 ኪሎ ዋት ሰዓት ከሆነ፣ በመንገድ የሚባክነውን ስትጨምሩ፣ አንድ አምስተኛው ገደማ በአንድ ዳገት አለቀ ማለት ነው። የእኛ አገር ደግሞ አንድ ዳገት ብቻ የለውም። መብራት ሲጠፋም አስቡት። ዲላ ውስጥ ቤታችሁና መሥሪያ ቤታችሁ ቅርብ ለቅርብ ከሆነ፣ ማታ ቤት ቻርጅ ማድረግ ከቻላችሁ፣ ሞክሩት፤ ማደያ ሰልፍ ትገላገላላችሁ። ፍስሐ ገነትና ጨለለቅቱ ላለው ግን ባትሪውን የሚጠግን ሰው እስኪመጣ ጠብቁ እላለሁ።

አሁን እሁድን አልረሳሁም። «ቲቸር ደስታ ይጠላል» እንዳትሉኝ! ደስታ ያስፈልጋል። ወጣት ሆኖ ስድስት ቀን የሠራ ሰው ንፋስ ፊቱን ቢመታው ነውር የለውም። የምለው፣ ደስታው ያለው ሲሲው ውስጥ አይደለም፣ መንገዱ ውስጥ ነው። እኛ ደግሞ የታደልን ነን። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። ሰው ከባሕር ማዶ አውሮፕላን ተሳፍሮ የሚመጣበትን እንሰት፣ ቡናና ትልልቅ ዛፍ አንድ ላይ የቆሙበትን መሬት እናንተ በግማሽ ሊትር ቤንዚን ትደርሱበታላችሁ። ቱቱ ፈላና ጨልባ ቱቱቲ ያሉትን ትክል ድንጋዮች ስንቶቻችሁ አይታችኋል? ይርጋጨፌ ወርዶ ቡና ጠጥቶ፣ በገደብ በኩል ዞሮ መመለስስ? በዚያ መንገድ ከ40 በላይ የሚነዳ ሰው ምንም ሳያይ ነው የሚመለሰው። በ40 ለመሄድ ደግሞ አፓች አያስፈልግም።

እንዲያውም ትንሽ ሞተርን ባለው አቅም ሁሉ መንዳት፣ ማርሹን በሰዓቱ እየቀየሩ ዳገት መውጣት፣ ትልቁን ሞተር እየፈሩ ከመያዝ የበለጠ ያስደስታል። ልምድ ያለው ሞተረኛ ጠይቁ።

በመጨረሻ አንድ ነገር አለኝ፤ ይህን ሳልል ብቀር ሌላው ሁሉ ከንቱ ነው። ብዙዎቻችሁ «ከሥራ በኋላ ሰው እየጫንኩ ዕዳውን እከፍላለሁ» ብላችሁ አስባችኋል። የሞተር ታክሲ ሥራ ሥራ ነው፣ ቤተሰብ ያስተዳድራል፣ አልንቅም። ግን ቀኑን ሙሉ የሠራ ሰው ማታ በጉምና በጨለማ ሦስት ሰው ጭኖ ሲወጣ ዕዳውን እየከፈለ ያለው በምንድን ነው? ስለዚህ ሞተሩን ስትመርጡ ብድር የማያስገባችሁን ምረጡ። ዕዳ የሌለበት ቦክሰር ባለቤቱን ማታ ቤቱ ያሳድረዋል። ዕዳ ያለበት አፓች ሌሊት ያስወጣዋል። ለኔ በሁለቱ ሞተሮች መካከል ያለው ትልቁ ልዩነት ይኸው ነው፤ ሲሲው አይደለም።

ለማሳጠር ያህል፦ 125 ወይም 150 ሲሲ፣ በከተማችሁ መካኒክና መለዋወጫ ያለው፣ ቆማችሁ ሁለት እግራችሁ መሬት የሚረግጥበት፣ ከተቻለ የፊቱ ዲስክ ፍሬን የሆነ፣ የጎማ መከላከያው ያልተነሳ፣ ወረቀቱ የጸዳ፣ ከሁለት ሄልሜት ጋር፣ ያለ ዕዳ።

የምትነዱ ወዳጆቼ፣ ኮሜንት ላይ ሦስት ነገር ጻፉልኝ፤ ምን ትነዳላችሁ፣ ስንት ዓመት አገለገላችሁ፣ ከተማችሁ ውስጥ የጠፋው መለዋወጫ የቱ ነው? ሊገዛ ያሰበ ልጅ ከኔ ጽሑፍ ይልቅ ከናንተ ልምድ ይጠቀማል። አሁን ሊገዛ የተነሳ የምታውቁት ሰው ካለ ደግሞ ብሩን ሳይከፍል ሼር አድርጉለት።

መልካም መንገድ። ሄልሜታችሁን እሰሩ።